ፊትና አንገት ላይ የሚወጡ ጥቁር ነጠብጣቦችና ትርፍ ሥጋ፦ የቱ ይተዋል፣ የቱ ይመረመራል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 42 ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን መምህርት ነኝ። ከሃያዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጉንጬና ዓይኔ ሥር ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጡብኝ ነበር። አሁን በጣም በዝተው ወደ አንገቴ ወርደዋል። እናቴም እንደዚሁ ነበረች። ከሁለተኛ ልጄ በኋላ ደግሞ አንገቴና ብብቴ ላይ የተንጠለጠሉ ለስላሳ ትርፍ ሥጋዎች መጡ፤ አንዱ በሐብሌ ተጠልፎ ደምቷል። የአንገቴ ዙሪያም ጠቁሯል፤ በሎሚ ብፈትገውም አልለቀቀም። ጎረቤቴ ኪንታሮት ነው፣ ከተነካ ይባዛል፣ ከተቆረጠም ካንሰር ይሆናል፣ በፈረስ ጭራ እሰሪው ትለኛለች። አንድ የውበት ሳሎን ሁሉንም በአንድ ቀን አቃጥሎ እንደሚያነሣልኝ ነግሮኛል። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ፈሳሽም እጄ ላይ አለ። ልጆቼ ላይ እንዳይጋባ ፎጣዬን ለይቻለሁ። የትኛውን ላድርግ? (ግራ ውስጥ እግሬ ላይም አንድ ጥቁር ነጥብ ካየሁ ዓመት ይሆነኛል፤ ትንሽ ሰፋ ብሏል፤ ግን ስለማያመኝ ግድ አልሰጠሁትም።)»

ምላሽ፦ ከቅንፉ ልጀምር። ከዘረዘሩት ሁሉ በዚህ ሳምንት ሐኪም ሊያየው የሚገባው ስለማያምዎ ግድ ያልሰጡት የውስጥ እግርዎ ነጥብ ነው። ፊትዎ ላይ ያሉት ሃያ ዓመት አብረውዎት ኖረዋል፤ ሌላ ሃያ ዓመት ቢቆዩም አይጎዱዎትም። የእግርዎ ነጥብ ግን አዲስ ነው፤ እየሰፋም ነው። አንድ ጥቁር ነጥብ አዲስም እየሰፋም ከሆነ ቀጠሮ አይተላለፍም።

ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ነጮች ላይ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ላይ ይወጣል። እንደኛ ጥቁርና ጠይም በሆነ ቆዳ ላይ በጠቅላላው ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን በአብዛኛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይመጣል፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይን የገደለው ይኸው ነው። የእግሩ አውራ ጣት ላይ የታየው ቁስል መጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ታልፎ ነበር፤ ሜላኖማ መሆኑ በ1977 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ በ1981 ገና በ36 ዓመቱ አረፈ። ሕመም አለመኖሩ ማስተማመኛ አይሆንም። ይህ ካንሰር በቀላሉ ቆርጦ ማውጣት በሚቻልበት በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሰውም ችላ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ውስጥ እግር ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ በአብዛኛው ካንሰር አለመሆኑንም ይወቁ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ውስጥ እግር ላይ ጉዳት የሌላቸው የቀለም ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ ይታያሉ። በተለምዶ ማርያም ስሞሽ የምንለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ጠባብ ጫማ ያደረሰው ከቆዳ ሥር የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ የውስጥ እግር ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዴርማቶስኮፕ በምትባል ብርሃን ባላት ትንሽ ማጉያ ያየዋል። የውስጥ እግር ቆዳ ከፍና ዝቅ ባሉ ቀጫጭን መስመሮች የተሞላ ነው። ቀለሙ ዝቅ ባሉት መስመሮች ውስጥ ብቻ ተኝቶ ከታየ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ከፍ ያሉትን መስመሮች ተከትሎ ከሄደ ግን ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ይላካል። ይህን ልዩነት በባዶ ዓይን መለየት ይከብዳል፤ በስልክ ፎቶ ልለይልዎ ብልም አልችልም። እስከ ቀጠሮዎ ድረስ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ያንሡት። በምላጭ አይፋቁት፤ ምንም አይቀቡት።

አሁን ወደ ፊትዎ። ከሃያዎቹ የጀመረ፣ ጉንጭና ዓይን ሥር የሚበዛ፣ እናትም ላይ የነበረ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር፣ የማያምና የማይቆስል ከሆነ ዴርማቶሲስ ፓፑሎሳ ናይግራ የሚባለው ነው ለማለት ብዙ አልጠራጠርም። ከላይኛው የቆዳ ሽፋን የሚበቅል ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ጉብታ ነው። ጠጋ ብለው በመስታወት ቢያዩት አንዳንዱ ክብና ለጥ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ወጣ ብሎ አንገት አውጥቷል። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ጀርባና ደረት ላይ የሚወጣው፣ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ የደረቀበት የሚመስለው ሴቦሪክ ኬራቶሲስ የቅርብ ዘመዱ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ጥቁርና ጠይም ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይታያል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። የፊት ቅባት ወይም ሜካፕ አያመጣውም፤ ከጉበት ወይም ከደም ችግርም የመጣ አይደለም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ይህን ሁኔታ በ1925 እ.ኤ.አ. በስም ለይቶ የገለጸው ኢጣሊያዊው ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ ነው። ሰውዬው ለእኛ ታሪክም እንግዳ አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር የጦሩን የሕክምና አገልግሎት የመራው እሱ ነበር።

ወደ ካንሰር አይቀየርም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ለዚህ ብለው ፎጣ መለየት አያስፈልግዎትም፤ ልጆችዎን ጉንጭ ለጉንጭ ከመሳምም አይቆጠቡ። ነገ እነሱ ላይ ቢወጣ በዘር ወርሰውት እንጂ ከእርስዎ ተጋብቶባቸው አይሆንም።

ጎረቤትዎ ያሉት ኪንታሮት ሌላ ነገር ነው። ኪንታሮት በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በእርግጥም ይተላለፋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጣት ላይ፣ ጥፍር ዙሪያ፣ ጉልበትና ውስጥ እግር ላይ ነው። ሲነካ ሻካራ ነው፤ የቆዳው መስመር እሱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ላዩን ፋቅ ሲያደርጉት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። እነዚያ ነጥቦች ሰው እንደሚያስበው ሥር አይደሉም፤ ደም የረጋባቸው በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው። የሕፃናት ኪንታሮት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የማይጠፋው በሳሊሲሊክ አሲድ ወይም በማቀዝቀዝ ይታከማል። አንድ ሌላ የሚምታታ አለ፦ አንጸባራቂ ሆኖ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ጉብታ፣ ሞለስከም የሚባለው። ልጆች ላይ ተራ ነገር ነው። አዋቂ ሰው ፊት ላይ በድንገት በብዛት ከወጣ ግን የኤች አይ ቪ ምርመራ ሳይደረግ መታለፍ የለበትም። የእርስዎ ታሪክ ከዚህ ጋር አይመሳሰልም፤ የሚመሳሰልባቸው አንባቢዎች ስለሚኖሩ ነው የጠቀስኩት።

አንገትዎና ብብትዎ ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሰዉ ትርፍ ሥጋ የሚለው። ለስላሳ ነው፤ በቀጭን ግንድ ይንጠለጠላል፤ ቆዳ ከቆዳ ወይም ከልብስ ጋር በሚተሻሽበት ቦታ ይወጣል፦ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጡት ሥር። በእርግዝና ጊዜ ይበዛል፤ ከሁለተኛ ልጅዎ በኋላ መምጣቱ አያስገርምም። እሱም ካንሰር አይሆንም። እኔን ያሳሰበኝ በመሐል የጣሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የአንገትዎ ዙሪያ መጥቆርና በሎሚ ተፈትጎ አለመልቀቁ።

እሱ እድፍ አይደለም። ጣትዎን ቢያሳልፉበት ወፈር ያለና እንደ መለስለስ የሚል ከሆነ አካንቶሲስ ናይግሪካንስ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚናገረውም ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ መልስ መስጠት ማቆሙን ነው። ከትርፍ ሥጋ ጋር አብሮ ሲታይ ስኳር በሽታ ወይም ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ መሆንን መጠርጠር ግድ ይላል። አንገቷን አትታጠብም እየተባሉ የሚሸማቀቁ ልጃገረዶች፣ በድንጋይና በሸካራ ፎጣ ቆዳቸውን እየላጡ የሚመጡ እናቶች በየጊዜው አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማንም የደም ስኳራቸውን ለክቶ አያውቅም። ስለዚህ በባዶ ሆድ የደም ስኳር ይመርመሩ። ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጥሩ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። በዚያው የደም ግፊትዎንና የደም ቅባትዎን ያስለኩ። የወር አበባዎ የሚዛባ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት። ክብደት ከቀነሰና ስኳሩ ከተስተካከለ የአንገት ጥቁረት በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ በቅባት ብቻ ግን አይለቅም። ሎሚውን ዛሬውኑ ያቁሙ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎ የሚያደርስ ነገር አለው፤ ከቃጠሎው በኋላ የሚመጣው ጥቁረት ከመጀመሪያው ይብሳል።

«ከተነካ ይባዛል፣ ከተቆረጠ ካንሰር ይሆናል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የእርስዎ ዓይነት ጉብታ ስለተነካ አይባዛም። የሚባዛው በራሱ ጊዜ ነው፤ ካስነሡት በኋላ አጠገቡ አዲስ ሲወጣ ግን ሰው መቆረጡን ተጠያቂ ያደርጋል። ስለ ካንሰር የሚወራውም መነሻ አለው። ከመጀመሪያውም ካንሰር የነበረ እብጠት ምንነቱ ሳይታወቅ በየቦታው ይቆረጣል ወይም ይቃጠላል፤ የተቆረጠው ተጥሎ ሰውዬው ድኛለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ካንሰሩ አድጎ፣ አንዳንዴም ተሠራጭቶ ይመለሳል። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው መቆረጡን ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አትቁረጡ የሚለው አይደለም፤ ምንነቱ በዓይን በእርግጠኝነት ያልታወቀ ማንኛውም እብጠት ሲቆረጥ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት የሚለው ነው። ይህን ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅዎን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

በፈረስ ጭራ ማሰር ትርፍ ሥጋው ደም እንዳያገኝ አድርጎ ሊያደርቀው ይችላል፤ ለዚህ ነው ሠራ የሚባለው። ነገር ግን ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ያመረቅዛል። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም ዘር በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ጭራው ደግሞ ከዚያ አይርቅም። ለአንዲት ትርፍ ሥጋ ብሎ መንጋጋ ቆልፍን መጋበዝ አይገባም። የቅንጭብ ወተት የሚቀቡም አሉ። ዓይን አጠገብ ጨርሶ አይሞከርም፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ቃጠሎ ያስከትላል፤ የማየት ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል። ድንገት ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ደቂቃዎች አጥቦ ወደ ዓይን ሕክምና መሮጥ ነው።

እህትዎ በቅን ልቦና የላኩት ፈሳሽም ከዚህ አይሻልም። ማሸጊያው ስላማረና ከአሜሪካ ስለመጣ የተፈተሸ መድኃኒት ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን ማርያም ስሞሽን ወይም ትርፍ ሥጋን ለማንሣት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የፈቀደው አንድም መድኃኒት የለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ምርቶችን ለሚሸጡ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ብዙዎቹ ጠንካራ አሲድ ናቸው። አሲድ ጉብታውንና ጤናማውን ቆዳ ለይቶ አያውቅም፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይበላል፤ የሚተወው ጉድጓድ ወይም ነጭ ጠባሳ ከመጀመሪያው ነጥብ ይልቅ ይታያል። ከዚህም በላይ አሲድ ያቃጠለው ነገር ለምርመራ አይተርፍም። እግርዎ ላይ ያለውን ነጥብ በዚያ ፈሳሽ ቢነኩት ኖሮ ምን እንደነበረ ለማወቅ እጅግ በተቸገርን ነበር። ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት አርቀው ያስወግዱት።

ሳሎኑ «ሁሉንም በአንድ ቀን» ማለቱ ራሱ ልምድ እንደሌለው ያሳብቃል። ጥቁርና ጠይም ፊት ላይ የሚሠራ ጠንቃቃ ሐኪም ሁሉንም በአንድ ቀን አይነካም። ጉብታው በቀላሉ ይወገዳል፤ ችግሩ ከተወገደ በኋላ ቆዳው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ቃጠሎው ከሚገባው በላይ ከጠለቀ ቦታው ወይ ይጠቁራል፣ ወይ ይነጣል፣ ወይ ኬሎይድ (ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ይሠራል። ጥቁረቱ በወራት ይለቅ ይሆናል፤ ንጣቱ ግን ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል። ኬሎይዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ በሽታ ነው፤ ቆርጠው ሲያወጡት ብዙ ጊዜ አድጎ ይመለሳል፤ ለወራት የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክንድዎ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳና ጆሮዎን የተበሱበትን ቦታ ይዳስሱ። ንቅሳት ወይም የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ካለዎትም ይመልከቱት። ከነዚህ አንዱ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያበጠ፣ የጠጠረ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይናገሩ ፊትዎን አያስነኩ። ጉንጭ ላይ ኬሎይድ ብዙም አይታይም፤ የመንጋጋ ጠርዝ፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ደረትና ትከሻ ግን ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

የሕክምናው አሠራር ይህን ይመስላል። የሚያደነዝዝ ቅባት ተቀብቶ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ በትንሹ ኃይል በተስተካከለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የጉብታው አናት ብቻ ነካ ነካ ይደረጋል፤ ግራጫ ሲሆን ይቆማል። ወደ ታች አይቆፈርም። ቦታው ቅርፊት ይሠራና በአንድ ሳምንት አካባቢ በራሱ ይረግፋል። አንገት ያወጡትና ትርፍ ሥጋዎቹ በንጹሕ ትንሽ መቀስ ከግንዳቸው ይቆረጣሉ፤ ደሙ በመድኃኒት ወይም በኤሌክትሪክ ወዲያው ይቆማል፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ሌዘርም አለ፤ ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ያልሠራ ሰው እጅ ከገባ ግን ጉዳቱ ከኤሌክትሪኩ አይተናነስም።

ፈሳሽ ናይትሮጅንን ለእርስዎ ፊት አልመክርም። የፈሳሹ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ከዜሮ በታች በ4 እና በ5 ዲግሪ አካባቢ መሞት ይጀምራሉ፤ ጉብታውን የሠሩት ሕዋሳት እንዲሞቱ ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት። እንግዲህ ጉብታው እስኪሞት ድረስ ቀለሙ ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው። ለእጅና ለእግር ኪንታሮት የምንጠቀምበት መልካም መሣሪያ ነው፤ ጠይም ጉንጭ ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

የሚያነጣ ቅባት ለዚህ ምንም አይረባም። ፋርማሲም ሱቅም የሚሸጡት ክሎቤታሶል የመሰሉ ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ጉብታውን አያጠፉትም፤ ዙሪያውን ቆዳ ያሳሳሉ፣ ብጉርና ጸጉር ያወጣሉ። በአመጋገብ ወይም በሚጠጣ ነገር የሚረግፍ ጉብታም የለም።

አብረው ስለሚጠየቁ ሁለቱን በአጭሩ ልጨምር። ከቆዳ ሥር ያለ፣ በጣት ሲገፉት የሚንሸራተት፣ ለስላሳና የማያም እብጠት በአብዛኛው የስብ ክምችት ነው፤ ካላደገ ወይም ካልከበደ ይተዋል። መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ሲጫኑት ነጭና መጥፎ ሽታ ያለው ነገር የሚወጣው ደግሞ ከረጢት አለው፤ ጨምቆ ማውጣት ከረጢቱን ከውስጥ ስለሚያፈነዳው ያመረቅዛል። መፍትሔው ባልተቆጣበት ጊዜ ከነከረጢቱ በቀዶ ማውጣት ነው።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱ ምልክቶችም አሉ። አንድ ማርያም ስሞሽ ግማሹ ከግማሹ ካልተመሳሰለ፣ ጠርዙ ከተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ ከተዥጎረጎረ፣ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ ወይም ከተለወጠ ይታያል። በጥፍር ላይ የወረደ ጥቁር መስመር እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ ከፈሰሰም እንዲሁ። በአራትና በአምስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ በተለይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ላይ የተከፈተ ከሆነ፣ ናሙና ያስፈልገዋል። እግር ወይም ላንቃ ላይ የሚወጣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ እብጠት ካፖሲ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጋር ይታያል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ፊት፣ ጆሮ ወይም ከንፈር ላይ የሚወጣ ማንኛውም ሻካራ ነገር ወይም ቁስል አይጠበቅም። ለዓመታት ቀስ እያሉ ሳይሆን በጥቂት ወራት ውስጥ በጅምላ ፈልተው የሚያሳክኩ ጥቁር ጉብታዎችም አልፎ አልፎ የውስጥ ሕመም ምልክት ስለሚሆኑ አጠቃላይ ምርመራ ይጠይቃሉ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉንም አይቀይሩት። በዚህ ሳምንት አቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ሄደው ስለ እግርዎ ነጥብ ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈር ያጽፉ። ለእርስዎ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ስለሚሰጥ ቅርብ ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አለ። ሲሄዱ የጥፍር ቀለም አይቀቡ፤ ሐኪሙ ሁለቱንም እግር፣ መዳፍና ጥፍርዎን በሙሉ እንዲያይልዎ ይጠይቁ። በዚያው ቀን ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የደም ስኳርዎን ያስለኩ። ሐብል የሚጠልፈውን ትርፍ ሥጋ እዚያው ያስቆርጡት፤ የሚያውክዎት መሆኑ ብቻ ለማስነሣት በቂ ምክንያት ነው።

ፊትዎን ማስነሣት የግድ አይደለም፤ የእርስዎ ምርጫ ነው። መተው ሙሉ በሙሉ ጤናማ ውሳኔ ነው፤ በመስታወት ባዩት ቁጥር የሚከፋዎት ከሆነ ማስነሣትም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከወሰኑ ሳሎን ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ያንሣልዎት። መጀመሪያ ፀጉር በሚሸፍነው ቦታ፣ ጆሮ አጠገብ ያሉ ሁለት ሦስቱ ብቻ ይነኩ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቁና ቆዳዎ ምን ምላሽ እንደሰጠ ይዩ። መልካም ከሆነ ቀሪው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ ይነሣል። ቅርፊቱን አይላጡ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥበው ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ቅርፊቱ ከረገፈ በኋላ ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወር በየጠዋቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ የመከላከል አቅም ያለው ሰንስክሪን ይጠቀሙ፤ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ካገኙ የሚታየውንም ብርሃን ስለሚከላከል ለእኛ ቆዳ ይመረጣል፤ ባርኔጣ ወይም ጥላም ይጨምሩበት። ቦታው መጀመሪያ ጠቆር ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ደንግጠው የሚያነጣ ቅባት አይጀምሩበት። የተነሡት ብዙውን ጊዜ አይመለሱም፤ አዳዲሶች ግን በዓመታት ውስጥ ይወጣሉ፤ ይህንን አውቀው ይግቡበት።

ሠርግ ወይም ምርቃት ካለብዎት ሥራውን ከዚያ ቀን ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድመው ይጨርሱት፤ ጊዜው ካጠረ ድግሱ ካለፈ በኋላ ያድርጉት።